ዙር አታስሩጡት፤ ኳስ ስጡት

ሰሞኑን ስለ ጨጓራና ስለ ደም ግፊት ስንጫወት ነበር። ዛሬ ደግሞ ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ ኳስ ላወራ ነው። «ዶክተር ስለ ኳስ ምን አገባው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ፍረዱ። ይቺን ጽሑፍ የጻፍኳት በተለይ ልጁን ቅዳሜ ጠዋት ታኬታ አስይዞ ወደ ሜዳ ለሚልክ ወላጅ፣ እንዲሁም በየሰፈሩ ታዳጊዎችን ሰብስበው ለሚያሰለጥኑ ወንድሞችና እህቶች ነው።

በአንድ ታሪክ ልጀምር። የልጁ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ከተመረቅኩ በኋላ መጀመሪያ በተመደብኩበት ሆስፒታል፣ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ ማሊያውን እንደለበሰ ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ሰነፈብኝ፤ እስቲ ቫይታሚን ነገር ይዘዙልኝ» አለችኝ። ልጁ የሰፈሩ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ይጫወታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ሩጫ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚወጣው። የነሱ ሜዳ ሕግ ደግሞ መጨረሻ የወጣ ሁለት ዙር ይጨመርበታል የሚል ነው። እስቲ አስቡት፤ ከሁሉም በላይ የደከመው ልጅ ከሁሉም በላይ እንዲሮጥ የሚያዝ ሕግ!

ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ ሳስቀምጥ የሰማሁት ድምፅ የጤነኛ ልብ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ጥያቄ አበዛሁ። ማታ ትራስ ደራርቦ ነው የሚተኛው። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ይቆማል። ከዓመት በፊት ጉልበቱ አብጦ ነበር፤ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። «ኳስ ነው ብለን ወጌሻ አሳሸነው» አለች እናቱ። ጉሮሮውንም ቶሎ ቶሎ ያመው ነበር። ሪፈር ጻፍኩለት፣ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳ፣ የሩማቲክ የልብ ሕመም ሆኖ ተገኘ። አንዱ የልቡ በር ተጎድቷል።

ሪፈሩን ስጽፍለት ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ዶክተር፣ ለአሰልጣኜ ሰነፍ አይደለም ብለው ይጻፉልኛል?» አለኝ።

በአጭሩ የሥራ ዘመኔ ብዙ ዓይነት ወረቀት ጽፌያለሁ። የሕመም ፈቃድ፣ የላብራቶሪ፣ የሪፈር። እንዲህ ያለ ወረቀት የጠየቀኝ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ይህን የምነግራችሁ ያንን አሰልጣኝ ልወቅስ ብዬ አይደለም። አሰልጣኙ ሐኪም አይደለም፤ ደሞዝም የለውም፤ ልጆቹ ሱስ ውስጥ እንዳይገቡ ብሎ ከራሱ ኪስ ኳስ የሚገዛ ሰው ነው። እናትየዋም እኮ «ሰነፈ» ነው ያለችው። እኔም ራሴ ያደግኩት እንደዚያ ነው። የአቧራ ሜዳችንን አስር ዙር ሳንሮጥ ኳስ አናይም ነበር። አርፍደህ ከመጣህ ዙር፣ ካወራህ ዙር፣ ጎል ከሳትክ ዙር። «ጠንክሩ ብለው ነው» ብለን አመንን። ዛሬ ግን፣ እንደ ሐኪምም እንደ ድሮ የሰፈር ተከላካይም፣ ይሄ ልማድ ሊቀር ይገባል ባይ ነኝ። ምክንያቴን በሁለት በኩል ላቅርብ፤ በጤና በኩልና በራሱ በኳሱ በኩል።

ሩጫ ቅጣት ሲሆን ምን ይፈጠራል?

መጀመሪያ በጤና በኩል። በልምምድ ላይ የደከመው ልጅ ቆም ይላል፣ ይቀመጣል፣ «ደከመኝ» ይላል። ይሄ የሰውነት ማስጠንቀቂያ ነው። ሩጫውን ቅጣት ስናደርገው ግን ልጁ ማቆም አይችልም። ካቆመ ቅጣቱ ይጨመራል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ስለዚህ ይደብቃል። በቅጣት ሩጫ ላይ ልጁ ዝም ብሎ ሲሮጥ «ጠነከረ» እንላለን፤ እሱ ግን የተማረው ሕመምን መደበቅ ነው።

አብዛኛው የሚደክም ልጅ የልብ ሕመምተኛ አይደለም፣ አትደንግጡ። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ይሆናል፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ይሆናል፣ ደም ማነስ ይሆናል፣ አስም ይሆናል፣ ወይም በቃ ለሩጫ አዲስ ይሆናል። ነገር ግን የሚከተሉትን ካያችሁ ልጁን ለቅጣት ሳይሆን ለምርመራ ላኩት፦

👉 በፊት ይችለው የነበረውን ሩጫ አሁን መቻል ሲያቅተው
👉 እኩዮቹ ሳይደክሙ እሱ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ወይም ጋደም ሲል ትንፋሽ ሲያጥረው
👉 ሲሮጥ ደረቱን ሲያመው ወይም ልቡ ሲመታበት
👉 በሩጫ መሃል ራሱን ሲስት (ይሄ አንዴም ቢሆን ከተከሰተ ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስም)
👉 መገጣጠሚያው አብጦ፣ አንዱ ሲሻለው ሌላው ሲያብጥ
👉 ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ

ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም አንድ ነገር ልጨምር፤ በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚጎዳ ነው። መነሻው ተራ የሚመስል የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ሁላችንም «ቶንሲል» የምንለው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በትክክል ካልታከመ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ መገጣጠሚያንና ልብን ሊያጠቃ ይችላል። እየተደጋገመ ሲመጣ የልብን በሮች ያበላሻል። መከላከያው ውድ አይደለም፦ ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ጤና ጣቢያ ማሳየት፣ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ማስጨረስ። እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ሌላ አደጋ ነው የሚጨምረው።

ወረፋ ላይ የቆመ ልጅ ምን ይማራል?

አሁን ወደ ኳሱ እንምጣ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሜዳ አጠገብ ቆማችሁ እዩ። ሃያ ልጅ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ረጅም ሰልፍ። ተራው የደረሰው ልጅ ኳሷን ይነዳል፣ ጎል ይመታል፣ ሮጦ ከሰልፉ ጀርባ ይቆማል። አሰልጣኙ ያፏጫል። ከሩቅ ሲታይ ሥርዓት ያለው፣ ያማረ ልምምድ ይመስላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ተራ 10 ሰከንድ ቢወስድ፣ ሃያው ልጅ ዞሮ እስኪያልቅ 200 ሰከንድ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ 9 ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። ዘጠኝ ጊዜ አሥር ሰከንድ 90 ሰከንድ ነው። ማለትም ከ30 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ከኳስ ጋር የነበረው አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው፤ ሃያ ስምንት ደቂቃ ተኩሉን ቆሞ ነው ያሳለፈው። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ቆሞ ቆሞ ከዚያ በድንገት በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፤ ለጡንቻውም ጥሩ አይደለም። ሌላው ደግሞ በዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ እንኳ ፊቱ ላይ ተጋጣሚ የለም፣ የሚያቀብለው ጓደኛ የለም፣ የሚወስነው ነገር የለም። ኳስ ጨዋታ ማለት ደግሞ ውሳኔ ነው።

በዚህ ላይ አስሩን ዙር ሩጫ ደምሩበት። ልጆቹ አንድ ሰዓት ሙሉ «ኳስ ተለማምደው» ኳስ ሳይነኩ ወደ ቤት ይሄዳሉ ማለት ነው።

«ታዲያ ትንፋሽ ከየት ያምጡ?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኳስ ትንፋሽ ግን የማራቶን ትንፋሽ አይደለም። ኳስ ውስጥ አጭር ፍጥነት ነው፣ መቆም ነው፣ መዞር ነው፣ እንደገና መፈትለክ ነው። ይሄ ደግሞ በትንሽ ሜዳ ላይ አራት ለአራት ሲጫወቱ በሚገባ ይመጣል። ልጁ ሳያውቀው ይሮጣል፣ እየሳቀ ይሮጣል፣ ሲደክመው ደግሞ ይታያል። እኔ እንደ ሐኪም የምወደው ይቺን የመጨረሻዋን ነው።

መሃል ባልገባን አንናቃት

ልጅ ሆነን አሰልጣኝ እስኪመጣ ድረስ ክብ ሠርተን «መሃል ባልገባ» እንጫወት ነበር። አንዱ መሃል ይገባል፣ ሌሎቻችን ዙሪያውን ሆነን እንቀባበላለን፣ ኳስ ያስነጠቀ መሃል ይገባል። አሰልጣኙ ሲመጣ «በሉ ጨዋታውን ተዉና ልምምድ ጀምሩ!» ብሎ ወደ ዙር ሩጫ ይሰደናል።

ሳቂታው ነገር ምን መሰላችሁ? ያቺ «ጨዋታ» የባርሴሎና ልጆች በየቀኑ የሚሠሯት ልምምድ ናት። ስፔኖች «ሮንዶ» ይሏታል። ዮሃን ክራይፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ባርሴሎናን በአሰልጣኝነት ሲረከብ የልምምዱ እምብርት ያደረጋት እሷን ነው። በ2010 የባሎንዶር ሽልማት የመጨረሻዎቹ ሦስት እጩዎች ሜሲ፣ ኢኔስታና ዣቪ ነበሩ፤ ሦስቱም ላ ማሲያ ያሳደጋቸው፣ ሦስቱም ቁመታቸው አንድ ሜትር ከሰባ ገደማ የሆነ። ሜሲ በልጅነቱ የእድገት ሆርሞን እጥረት ኖሮበት ሕክምና ሲከታተል የነበረ ልጅ ነው። «ሰውነቱ አልሞላም» ተብሎ ቢመለስ ኖሮ ዓለም ማንን ባጣ!

መሃል ባልገባ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ዞር ብሎ ማየት። ሰውነትን ከፈት አድርጎ መቀበል። የመጀመሪያ ንክኪ። ጓደኛን ለመርዳት ሁለት እርምጃ መንቀሳቀስ። መሃል የገባው ደግሞ መጫንና መስመር መዝጋት ይማራል። አንድ ማሻሻያ ብቻ አድርጉባት፦ መሃል የገባው ልጅ እስኪነጥቅ ድረስ አይቆይ። በ40 ሰከንድ ይቀያየሩ። አለበለዚያ ደካማው ልጅ ሙሉ ሰዓቱን መሃል ሲዳክር፣ ሲሳቅበት ይውላል። ያም በሌላ ስም ያው የቅጣት ዙር ነው።

የ70 ደቂቃ ልምምድ፣ ያለ ብዙ ወጪ

ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉ ሃያ ልጆች፣ ሦስት ኳስና ጥቂት ድንጋይ ወይም አሮጌ ጫማ ለምልክት ካለ ይበቃል። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፦

1ኛ. ማሟሟቂያ፣ 15 ደቂቃ። ዝግ ያለ ሩጫ ከኳስ ጋር፣ በአንድ እግር መቆም፣ ወደ ፊትና ወደ ጎን በአንድ እግር ዘሎ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ማረፍ፣ በክንድ ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ ማድረግ፣ ወድቆ መንከባለል። ይሄን ከራሴ አላመጣሁትም። ፊፋ ከ7 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች ያዘጋጀው «11 ፕላስ ኪድስ» የሚባል የሰባት እንቅስቃሴዎች ፕሮግራም አለ። በአራት የአውሮፓ አገሮች ወደ 3,900 ገደማ ልጆች ላይ ተሞክሮ፣ የተለመደውን ማሟሟቂያ ከሠሩት ጋር ሲነጻጸር ጉዳትን በ48 በመቶ ቀንሷል። በነጻ የሚገኝ ነው፤ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም።

2ኛ. መሃል ባልገባ፣ 15 ደቂቃ። ልጆቹን አምስት አምስት አድርጋችሁ አራት ቦታ ክፈሏቸው። አራት ዙሪያ፣ አንድ መሃል፤ ስፋቱ 8 ሜትር በ8 ሜትር ገደማ። ሦስት ኳስ ብቻ ካለ አራተኛው ቡድን በተራው የሚዛን ልምምድ ይሥራ። ሲለምዱ ስድስት አድርጋችሁ መሃል ሁለት አስገቡ።

3ኛ. ሁለት ለአንድ፣ 15 ደቂቃ። ሁለት አጥቂ፣ አንድ ተከላካይ። ትምህርቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ተከላካዩ ወደ አንተ ከመጣ አቀብል፤ ከሸሸህ ራስህ ሂድ። አብዶ መሥራት የሚወደውን ልጅ አትከልክሉት፤ መቼ እንደሚሠራ ነው የሚማረው። ሰልፉ ከሦስት ሰው እንዳይረዝም ሦስት ቦታ ይሁን።

4ኛ. አራት ለአራት፣ 20 ደቂቃ። ሁለት ትንንሽ ሜዳ ላይ አሥራ ስድስት ልጅ ይጫወታል፤ የቀሩት አራት ደግሞ በሦስተኛዋ ኳስ መሃል ባልገባ ይጫወቱና በየአምስት ደቂቃው ይቀያየሩ። በረኛ የለም፣ ጎሉ በድንጋይ የተለየ ትንሽ ጎል ነው። አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይቁሙ፤ ኳስ የያዘው ልጅ ሁልጊዜ ሦስት ማቀበያ ይኖረዋል። ኳስ ስንይዝ እንሰፋለን፣ ስንነጠቅ እንጠባለን፤ ለዚህ ዕድሜ ታክቲክ ከዚህ አይበልጥም። ጣፋጭ ለማድረግ በማይመቸው እግር የገባ ጎል ሁለት ይቆጠር።

5ኛ. ማብረጃ፣ 5 ደቂቃ። እያዘገሙ፣ ውኃ እየጠጡ ወሬ። «ዛሬ ምን ተማራችሁ? ማን አሞታል?» ይሄን ሁለተኛ ጥያቄ በየቀኑ፣ ያለ ቁጣ ጠይቁ።

በጨዋታው መሃል «አቀብል! ምታ! ተመለስ!» እያሉ ከዳር መጮህ ለልጁ ማሰብን አያስተምርም። ቆም አድርጋችሁ «ኳሱ ሳይመጣ በፊት ማንን አይተህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ወፍራሙን ልጅ ለዘላለም በረኛ፣ ረጅሙን ለዘላለም ተከላካይ አታድርጉት። አስር ዓመት ላይ ያየነው ሰውነት አሥራ ስድስት ላይ የምናየው አይደለም። ጉርምስና አንዱን በአሥራ አንድ፣ ሌላውን በአሥራ አምስት ዓመቱ ሊያገኘው ይችላል። ዛሬ በጉልበት ብቻ የሚያሸንፈውን መርጠን ብልሁን ትንሽ ልጅ ስናሰናብተው የነገውን ተጫዋች ነው ያሰናበትነው።

እኔም ተሳስቼ ነበር

አሰልጣኞችን ብቻ ስመክር እንዳልቆይ የራሴን ስህተት ልናገር። ሥራ እንደጀመርኩ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከጉልበቱ በታች ያለችው አጥንት አብጣ፣ ሲሮጥና ሲዘል እያመመችው መጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ በጣም ረዝሟል። አየሁትና በጥድፊያ «ኳስ አቁም» አልኩት፤ ማስታገሻ ጻፍኩ፣ ቀጠሮ ሰጠሁት። በቀጠሮው አልመጣም። ለምን ይመጣል? የሚወደውን ነገር በአንድ ቃል ነጥቄዋለሁ።

ያ ልጅ የነበረበት ነገር በእድገት ወቅት ታዳጊ ስፖርተኞች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። አጥንት ሲያድግ ጫፉ ላይ ገና ያልጠነከረ ቦታ አለ፤ የጭን ጡንቻ በዘለለና በመታ ቁጥር ያንን ቦታ ይጎትተዋል። ከእሱ በዕድሜ አነስ ባሉት ደግሞ ተረከዝ ላይ ተመሳሳይ ነገር ይመጣል። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ማቆም ሳይሆን ጫናውን መቀነስ ነው፦ ዝላዩንና ረጅም ሩጫውን ለጊዜው መተው፣ ከልምምድ በኋላ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ ሕመሙ በፈቀደው ልክ መጫወት። አጥንቱ አድጎ ሲጨርስ ይተዋል። ማታ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ማነከስ ወይም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታይ።

ጫና ስንል ደግሞ ድምሩን ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ስፖርት አለው፣ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቷል፣ ማታ ሰፈር ይጫወታል፣ እሁድ ግጥሚያ አለው። እያንዳንዱ አሰልጣኝ የራሱን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ቀላል መመሪያ ልስጣችሁ፦ ልጁ በሳምንት የሚሠራው የተደራጀ ስፖርት በሰዓት ሲቆጠር ከዕድሜው አይብለጥ። የ11 ዓመት ልጅ ከ11 ሰዓት በላይ አይሥራ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ።

ሜዳ ላይ ልትረሱ የማይገባችሁ

ውኃ፦ «በልምምድ መሃል ውኃ ያዝላል» የሚባለው ልክ አይደለም። በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጠጡ። ንጹሕ ውኃ ይበቃል፣ ኃይል ሰጪ የሚባሉ መጠጦች ለልጅ አይሰጡም። ከልምምድ ሁለት ሰዓት በፊት ቂንጬ፣ ፍርፍር ወይም በሶ የበላ ልጅና ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ እኩል አይሮጡም።

ቴስታ፦ አሜሪካኖች ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ልጆች ቴስታን ከለከሉ። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድም በ2020 የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይሠለጥኑ መመሪያ አወጡ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የወጣ ጥናት በስኮትላንድ የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች በአእምሮ መመናመን በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 3.5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ ነው፤ ምክንያቱ ቴስታ ብቻ ነው ብሎ አልደመደመም። ነገር ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሰልፎ ሃያ ጊዜ ቴስታ ማስመታት ምን ጥቅም አለው? እግሩን ያሰልጥን፣ ቴስታው ይደርሳል።

ጭንቅላት ሲጋጩ፦ ራሱን ባይስትም ግራ ከተጋባ፣ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካስታወከው የዚያን ቀን አይመለስም። «ውኃ አፍስሱበትና ይግባ» የለም። ማስታወኩ ከተደጋገመ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ከተንቀጠቀጠ በቀጥታ ሆስፒታል።

ስብራት፦ ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ዝውውርን ዘግቶ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከጨመረ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ ወዲያው ፈታችሁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ማንም ሳይነካው የወደቀ ልጅ፦ ካልተነፈሰ፣ ከነቃነቃችሁትም ካልመለሰ ልቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ክርስቲያን ኤሪክሰንን ያተረፈው ሜዳ ውስጥ ወዲያው የተጀመረ የልብ ግፊት ነው። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ (የቀይ መስቀል 907 ነው)፣ ሌላው በደረቱ መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይጫን። ይሄን ለመማር ግማሽ ቀን አይፈጅም። የአሰልጣኝነት ኮርስ ሁሉ ይሄን ማካተት አለበት፤ ሰርተፊኬት የሚሰጥ አካል ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

ከድሮ አሰልጣኜ ጋር

ይሄን ሁሉ ሐሳብ ይዤ በቅርቡ እኔን ልጅ ሆኜ ያሰለጠኑኝን ሰውዬ ላናግራቸው ሄድኩ። ዛሬም እዚያው ሰፈር ናቸው፤ የድሮው ሜዳችን ግን ተሠርቶበት ጠቦ ግማሽ ሆኗል። ዳር ላይ ተቀምጠን ያልኩትን ሁሉ ሰሙኝ። ከዚያ «ዶክተርዬ፣ አንተ በዚያ ሩጫ አይደል እንዴ ሰው የሆንከው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ምክንያቱም ለኔ ውለታቸው ብዙ ነው። ቆይቼ ግን «ጋሼ፣ እኔ ሰው የሆንኩት እርስዎ በየቀኑ ስለሚመጡ ነው። አባቴ ሲያመው ቤታችን ድረስ መጥተው ስለጠየቁ ነው። ሩጫውማ ባይኖርም ይሄ ይኖር ነበር» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቀጥዬ የዚያን ልጅ ታሪክ ነገርኳቸው፤ የጠየቀኝን ወረቀትም ጨምሬ። ለረጅም ጊዜ ሜዳውን ሲያዩ ቆዩና «እኔም ጋ እንደዚያ የሚል ልጅ ነበረ፤ ቶሎ የሚደክም። ብዙ አስሮጥኩት። ከዚያ ቀረ። የት እንደደረሰ አላውቅም» አሉኝ።

ስለዚያ ልጅ እኔም ምንም ልነግራቸው አልችልም። ምናልባት ጤነኛ ነበረ፣ ምናልባት ሰፈር ቀይሯል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳልፍ ግን ልጆቹ አራት ቦታ ተከፍለው መሃል ባልገባ ሲጫወቱ አየሁ። ሰልፉ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ አርፍዶ የመጣ አንድ ልጅም ዙር ሲሮጥ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ጋሼ ጠሩትና ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ጠየቁት። ከዚያ ወደ ጨዋታው ላኩት።

ለ12 ዓመቱ ልጅ ወረቀቱን ጽፌለታለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ልቡ ታሞ እያለም ሲሮጥ ነበር።» ማኅተም አድርጌበታለሁ። አሁን ሕክምናውን እየተከታተለ፣ በየአራት ሳምንቱ መርፌውን እየወሰደ ነው። የውድድር ኳስ ለጊዜው የለም፤ ስለ ወደፊቱ የሚወስኑት የልብ ሐኪሞቹ ናቸው።

አሰልጣኞቻችን፣ ወላጆች፣ እባካችሁ። ልጅ ሲደክም መጀመሪያ እንጠይቀው። የምንቀጣውም ከሆነ ሁለት ደቂቃ ዳር ይቀመጥ፣ ዕቃ ይሰብስብ፤ ሩጫን ግን ቅጣት አናድርግበት። የቀረውን ጊዜ ኳስ እንስጠው።

ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት አሰልጣኝ ሼር አድርጉለት። በሰፈራችሁ ሜዳ ላይ ያስተዋላችሁትን ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ እያነበብኩ እመልሳለሁ።

መልካም ጤና፣ መልካም ጨዋታ!